ወደ ግራ ያዘመመ ስፌት

ለውድ እህት ዓለሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እማማስ ጉልበቷን ተሻላት? ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የትንሹ ወንድማችን ወሬ አለበት ወይ እያለች ታስነብብሻለች አሉ። እኔ ደህና ነኝ፤ እስካሁን ከመርፌ በቀር የወጋኝ የለም። ልብስ ሰፊ ነኝ ብዬ መመዝገቤ በጀኝ፤ ከግንባር ራቅ ባለ መጋዘን ተቀምጬ የወታደር ካፖርት እጠግናለሁ።

ውጊያው እንዴት ነው ብለሽ ነበር። እኔ የማውቀው በጆንያ ነው። ድልድዩን የያዝን ጊዜ አርባ ጆንያ ልብስ መጣ። የተነጠቅን ጊዜ ሠላሳ። መልሰን ስንይዝ ጆንያው አልቆ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አራገፉልን። ሬዲዮው ሦስቱንም ጊዜ ድል ነው ያለው። የኛም የማዶዎቹም ልብስ ተደባልቆ ነው የሚመጣው። አጣቢዎቹ ያጥባሉ፤ እኛ ቀዳዳውን ከውስጥ ደፍነን፣ የነሱን ቁልፍ ነቅለን የኛን ተክለን ለአዲስ ምልምል እንሰጣለን። ጨርቁ እንደሆነ አንድ ነው፤ ያው የድሮው ፋብሪካ የሸመነው። መጀመሪያ ሰሞን ይዘገንነኝ ነበር። አሁን አጠገቡ ተቀምጬ ምሳዬን እበላለሁ።

ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ማክሰኞ ዕለት አንድ ነገር ሆኗል።

ከማዶዎቹ ካፖርት አንዱን አነሣሁ። ቀዳዳው አንድ ብቻ ነው፣ በጀርባ በኩል፤ እሱን ቶሎ ደፈንኩት። ገበሩን ስገለብጥ በእጅ የተሰፋ የውስጥ ኪስ አገኘሁ። ስፌቱ ወደ ግራ አዘምሟል። ሳላስበው ምላጬን አንሥቼ መተርተር ጀመርኩ፤ እየተረተርኩም ቀጥ አድርጌ መልሼ እሰፋለሁ። ሁለቱን ጎን ጨርሼ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ነው እጄ የቆመው።

ትንሹ በግራ እጁ ሲሰፋ እንዴት እንደሚያዘምበት መቼም አትረሺውም። ነፍሱን ይማርና አባባ፣ ይህ ልጅ መንገድም ሲሄድ ወደ ኋላ ነው እያለ ይቀልድበት ነበር፤ ደንበኛ ፊት ሲሆን ግን ይመታዋል። እንዳይመታብኝ ብዬ አባባ ለምሳ ሲወጣ እኔ ተርትሬ አቃናለት ነበር። እሱ መርፌው ላይ ክር እያስገባ፣ ፍጠን እንጂ አለቃ ይለኛል። አባባ የውስጥ ኪስ የሌለው ኮት አስለብሶን አያውቅም። ትንሹም ድልድዩ ተዘግቶ ማዶ ሲቀር ይህንኑ ልማድ ይዞ ነው የቀረው።

የመጋዘኑን ኃላፊ፣ መቀስ የምንለውን ሳጅን፣ ካፖርቱ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኩት። ከምርኮኛ የተገፈፈም አለ፣ ምኑ ይታወቃል አለኝ። ከዚያ የደፈንኩትን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ ጥሩ ሠርተኸዋል ብሎኝ ሄደ።

ስንት ግራኝ አለ በዓለም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እለዋለሁ። ካፖርቱ ሐሙስ ለአንድ ምልምል ተሰጠ፤ ልክክ ብሎለት ደስ ብሎት ሄደ። ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፤ አልመጣልኝም። የሚከነክነኝ ያ ስፌት ነው። አሁን የሚመታው እንኳ በሌለበት ምን ሊያደርግልኝ አቃናሁት?

ካፖርቱ ከመሄዱ በፊት ያልተረተርኩትን የኪሱን ጎን ቆርጬ በሌላ ጨርቅ ተክቼዋለሁ። ቁራጯ ፖስታው ውስጥ አለች፤ ሁለት ጣት ብትሆን ነው። መስኮት አጠገብ ሆነሽ እያት፤ ያንቺ ዓይን ከኔ ይሻላል። ተሳስተሃል፣ የሌላ ሰው እጅ ነው ብለሽ ጻፊልኝ። አምንሻለሁ።

እማማ ስለ ትንሹ ከጠየቀች ወሬ የለም በያት። ጨርቋን ግን አርቀሽ ደብቂልኝ። ዓይኗ ቢደክምም ጣቷ ያውቃል፤ እንዳትነካት።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ ክፉ ነገር ደጃችሁን አይርገጥ።

ያለሽ ወንድም