ምንቃራቸው ያልገጠመ ወፎች

መጋቢት 19

ኪዳነ ምሕረት እመቤቴ፣ የአሁኑን እመኚኝ። አምናም ቅናቱን ተውኩ ብዬ ምዬልሽ ነበር፣ ውሸቴን ነበር፣ አውቃለሁ… አሁን ግን የምሬን ነው። መቅዲ የአክስቴ ልጅ ናት፣ አብረን አደግን፣ አብረን እትዬ አሰገደች ስፌት ቤት እንጠልፋለን። ምን አደረገችኝ? ምንም።

ዛሬ ክር ስንጠቀልል ዋልን። ሌላ የለም።

መጋቢት 21

ሶልያና የምትባል ሴት መጣች፣ እዚሁ ማርቆስ ያደገች፣ አሁን አዲስ አበባ የምትኖር። ለልጇ የፋሲካ ቀሚስ አዘዘች፣ እኛ ልጅ ሆነን ይለበስ የነበረውን… ነጭ ቴትሮን፣ እጅጌው የተነፋ፣ ደረቱ ላይ ሁለት ወፍ ምንቃር ለምንቃር የገጠሙ። ስታወራ ዓይኗ እንባ ሞላ። የኔም ሞላ፣ በሌላ ምክንያት።

ያን ቀሚስ መቅዲ ነበራት። የጠለፈችላት የኔ እናት። እኔን "ላንቺ ለከርሞ እጠልፍልሻለሁ" አለችኝ። ከርሞ ሳይደርስ ሞተች። ለኔ ከመጋረጃ ትራፊ ሰፉልኝ፣ ቡኒ አበባ ያለው። ጥምቀት ላይ ልጆቹ "መስኮቷ መጣች" አሉኝ። መቅዲም ሳቀች። ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ምን ታውቃለች… እኔ ግን እስከዛሬ ይሰማኛል።

ሥራው ለማን ተሰጠ? ለመቅዲ። ናሙናው ግን የኔ ነው፣ እናቴ የተወችልኝ ቁራጭ። ናሙና ደግሞ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ባለቤቷ ይዛ ትቆጥራለች፣ ጠላፊዋ እየሰማች ትወጋለች። እትዬ አሰገደች ቁጠሪላት አለችኝ። እሺ አልኩ።

መጋቢት 28

ሦስት ቀይ፣ አንድ ዝለይ፣ ሁለት አረንጓዴ… ቀኑን ሙሉ። መቅዲ ቀና ሳትል ትሰማኛለች። አንደኛው ወፍ አለቀ፣ አማረ። እትዬ አሰገደች አየችና "የአክስቷን እጅ ወረሰች" አለች።

የአክስቷን። የኔን እናት እጅ እኮ ነው። ቀሚሱንም እሷ፣ እጁንም እሷ? ለኔ ምን ቀረ?

ሁለተኛው ወፍ ላይ፣ አሥራ አራተኛው መስመር፣ ሦስት የሚለውን ሁለት አልኳት። አንድ መርፌ ብቻ። አላወቀችም።

ሚያዝያ 5

አለቀ። ምንቃሩ አልገጠመም። አንዱ ወፍ የሌላውን አንገት የሚነክስ መሰለ። እትዬ አሰገደች ጨርቁን ለመቅዲ መለሰችላት። መቅዲ ፊቷን ታጠበች፣ ወደ በሩ ወጥታ በብርሃን አየችው፣ ተመለሰች።

"ታዩ፣ በደንብ ሰምቼሻለሁ" አለችኝ። "ዓይኔ ነው። የእማዬ ዓይን እንደጠፋው የኔም ሊጠፋ ነው።"

እኔ ነኝ አላልኳትም። ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ የእናቴን ናሙና ማየት አቃተኝ፣ አጥፌ ሸሸግኩት…

ሚያዝያ 6

መቅዲ የለችም። ዓይን የሌለው መርፌ አይዝም ብላ ደጀን ከተማ ወንድሟ ደርቤ ጋ ሄደች። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዓረብ አገር፣ ሰው ቤት ልትሠራ። ደላላ አግኝታለች አሉ።

ለእትዬ አሰገደች ሁሉንም ነገርኳት። ራሴን ዳበሰችኝ። የእህትሽን ጥፋት ልትሸፍኚ ነው፣ እንዲህ ያለ ሆድ ለኔም ይስጠኝ አለች። በኪዳነ ምሕረት ማልኩ። በጾም አትማይ አለችኝ። ስዋሽ ሁሉም ያምነኝ ነበር እኮ…

ሚያዝያ 7

ጨርቁን ትታው ነው የሄደች። ከአሥራ አራተኛው መስመር ጀምሬ ፈታሁት። ለራሴ እየቆጠርኩ ጠለፍኩት። ምንቃሩ ገጠመ፣ ወፉ ግን የተጨማደደ ነው፣ ክሩን አጥብቄ ስቤዋለሁ። ከጎኑ ያለው የመቅዲ ወፍ ሊበር ነው የሚመስል። እጇ ከኔ ይበልጣል። ይኸው ጻፍኩት።

በእትዬ አሰገደች ስልክ ደጀን ደወልኩ። ደርቤ አነሳ፣ ከኋላው የመኪና ጩኸት። መቅዲ ሻንጣ ልትገዛ ወጥታለች፣ አመሻሽ ላይ በሚያልፈው መኪና ትሄዳለች አለ። አታስቀሪያትም፣ ቆርጣለች አለ። የምልህን ሳትቀንስ ንገራት አልኩት። ዓይንሽ ደህና ነው በላት፣ ታየች ናት አውቃ አሳስታ የቆጠረችው፣ አሥራ አራተኛው መስመር ላይ፣ ቀንታ በላት። ደርቤ ግን "ይሄን ራስሽ ንገሪያት" አለኝ። ስትመለስ ደውዪ እላታለሁ አለ።

ይኸው ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ። መቅዲ፣ ስደቢኝ፣ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ… ብቻ መኪናው ሳይመጣ፣ ሳይመሽ፣ ደውዪልኝ።