ሰዓዳን ሳልመርቃት

ማክሰኞ
አልመረቅኳትም። ልጄ ሰዓዳ ፊቴ ተንበርክካ "እማ፣ መርቂኝ እንጂ" ስትለኝ ማንጎ ልልቀም ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የወደቀውን ሁሉ ለቀምኩ፣ የበሰበሰውን ሳይቀር።

ሐሙስ ትበራለች፣ በአዲስ አበባ አድርጋ ታንዛኒያ። እዚህ ግድብ ሲሠራ የተማረችውን ይዛ እዚያ ልታማክር ነው። ድርጅቷ አሁን መሐንዲስ ለውጭ አገር ይልካል። ውሏን አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት ከእሷ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው። "የሙያ አገልግሎት ወደ ውጭ መላክ" ይላል። ልጅ መላክ አይልም።

ረቡዕ
ጎረቤቴ ሐሊማ ልትሰናበታት መጣች። "ወላሂ፣ ከመንጌ መሬት ወርቅ ይወጣል፣ ካንቺ ቤት መሐንዲስ ይወጣል! ሀብታም ያለቅሳል እንዴ?" ሰዓዳ ሳቀች። እኔም ለይምሰል።

ልጅቷ ወጣ ስትል ሐሊማ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "መርቂ። ልጅ እንዲሁ አይሄድም።"

ምን ልበላት? ባሌ ሰይድ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ኩርሙክ፣ ጭነት ይዞ ሲነሳ ተኳርፈን ነበር። በመኪናው መስኮት "መርቂኝ" አለኝ። ፊቴን አዞርኩ። መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አሜን እላለሁ እንጂ ማንንም አልመርቅም። የእኔ አፍ ምን ይበጃታል?

ለሻንጣዋ፦ በርበሬ። ሽሮ። ነጠላ። የአባቷ ፎቶ (ከተትኩት፣ መልሼ አወጣሁት)።

ሐሙስ
በባጃጅ ሸኘኋት። ኤርፖርቱ በር ላይ ሸኚ አያሳልፉም። ሳመችኝና "በቃ እማ፣ አላስጨንቅሽም" አለች። ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ዞር ብላም አላየችኝ።

ያ የመኪና መስኮት መጣብኝ።

"ሰዓዳ!"

ጠባቂው "እናት፣ ወደ ኋላ በሉ" አለኝ። እሷ ግን ተመለሰች። በአጥሩ ብረት መሀል እጄን አሾልኬ ራሷ ላይ ጫንኩ። "የረገጥሽው ይለምልም። የሰው አገር ሰው ይውደድሽ። በሰላም ግቢ፣ በሰላም ተመለሽ።" እንደ ወሎ አያቶቼ እንትፍ አልኩባት። አፌ ደርቆ ምራቅ የለም።

"አሜን" ያለው ጠባቂው ነው። እሷማ እያለቀሰች ትስቃለች። "እማ፣ በደረቁ መረቅሽኝ!"

ዓርብ
ለሁለት ሰው ሽሮ ሠርቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አልደወለችም። ሐሊማ "አይሮፕላን ውስጥ ስልክ የለም" ብላ አለፈች። በረራው ትናንት ነበር እኮ።

ከሰዓት በኋላ መልእክት ገባ። "እማ፣ ደህና ገባሁ። እዚህም ማንጎ አለ።"

ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ የሰይድን ፎቶ አንስቼ "በሰላም ግባ" አልኩት፣ ጮክ ብዬ። ዘግይቷል። ግን አልኩት።