በጥቁር ልብስ የሚመታ ደወል

ውዴ ጌታቸው፣

የቀበሌ ታጣቂዎች ከምታስተምርበት ክፍል አውጥተው ከወሰዱህ ዓመት ሊሞላ ነው። እኔ እዚሁ ሮም፣ ያችው የማገለግላት ሲኞራ ቤት ነኝ፤ ጥቁሬን አላወለቅሁም። ትመጣለህ ብዬ ያስቀመጥሁልህን ካፖርት ግን ለሰው ሰጠሁት። እናትህ ሬሳህን አላገኙም፤ ማልቀስም ተከልክለዋል። ሽንኩርት ሲከትፉ ነው አሉ የሚያለቅሱት።

ዛሬ የምጽፍልህ ተናድጄ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴ ነው። በአንዱ ሐሙስ እኛ ፎቅ ላይ የምትሠራ ሉሲያ የምትባል ብራዚላዊት፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ ያገሯ ሰዎች ከበሮ ወደሚመቱበት ምድር ቤት ወሰደችኝ። ባለ ሁለት አፍ የብረት ደወል አስያዙኝ፤ አጎጎ ይሉታል። እኔ እንዳገራችን ጭብጨባ ዘፋኙ እስኪጀምር ጠበቅሁ። እነሱ እኔን ጠበቁ። ለካ እነሱ ዘንድ የሚቀድመው ደወሉ ነው፤ ከበሮውም ዘፋኙም እሱን ሰምተው ነው የሚገቡት። እንደዚያ ተፋጥጠን ስንቀር ብታይ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

ብረቱን ስመታው ትምህርት ቤታችሁ ግቢ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ትዝ አለኝ። ዘበኛው እያለ፣ የመውጫውን እኔ ካልደወልሁ ትል ነበር። በር ላይ ቆሜ እንደምጠብቅህ እያወቅህ ታስረዝመዋለህ። እዚያ ምድር ቤት ድምፄን አውጥቼ አለቀስሁ። ከበሮው ዋጠው፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ አልቀርም።

ታዲያ ባለፈው እሑድ እዚህ ያለነው ያገር ልጆች ማኅበር ሙሴ፣ መሪያችን እትዬ አበበች፣ ሴቶቹን ሰብስበው፣ «የባሏ ሙት ዓመት ሳይወጣ ዘፈን ቤት ትውላለች» አሉና ወደ እኔ ዞረው፣ «ወይ ደወሉን ወይ እኛን ምረጪ» አሉኝ። ሞትህን የሰማሁ ዕለት አፌን በነጠላ የያዙኝ እኒሁ ሴትዮ ናቸው፤ ግድግዳ ጆሮ አለው፣ አገር ቤት ያሉትን ታስጨርሻለሽ ብለው። ያኔ አከበርኋቸው፣ እንባዬን ዋጥሁት። እንዳላለቅስ የከለከሉኝ ሰዎች ዛሬ ሐዘን ሊያስተምሩኝ? ይህንንስ አልውጠውም።

ማኅበሩ ከቀረብኝ ለሙት ዓመትህ አብሮኝ የሚቀመጥ ያገር ሰው እንደሌለኝ አውቃለሁ። ይቅር።

ሙት ዓመትህ የፊታችን እሑድ ነው። ጠዋት ቄሱ ጋ ሄጄ ስምህን አስጠራለሁ። ከሰዓት ከእነሉሲያ ጋር ከበሮ ልንመታ አደባባይ እንወጣለን፤ ጥቁሬን እንደለበስሁ ፊት እቆማለሁ። ያን ቸርኬ አሁን ማን እንደሚደውለው አላውቅም። ያንተን ደወል ግን በየዓመቱ እኔ እደውለዋለሁ፤ እኔ ሳልመታ ማንም አይጀምርም።

ሚስትህ በላይነሽ