አይሰበር

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 16 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጨጓራህስ ተሻለህ? ነገ ጾም ይገባል፤ በባዶ ሆድህ እንዳትውል። እናታችን እዚያው ማንኩሳ ደህና ናት፤ እኔም ደህና ነኝ። የኔን ደህንነት ግን ለወጉ ያዝልኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ ድንጋጤው አለቀቀኝም። ኮምፒውተር አጠገቤ ተቀምጦ በእስክሪብቶ የምጽፍልህም ለመንካት ስለፈራሁ ነው።

ጥቅምት ላይ ላፕቶፗን በሹፌር ስትልክልኝ ርካሽ ናት፣ ሴሌሮን የሚሏት ደካማ፣ ለሱቅሽ ማመልከቻ መጻፊያ ትበቃለች፣ ቪዲዮ ግን እንዳትሞክሪባት አልከኝ። እኔ ሞኟ አራት ወር ሙሉ ማመልከቻ ብቻ ስጽፍባት ከረምኩ። እንዳትደክምም በየሰዓቱ አሳርፋት ነበር፤ ሳቅብኝ።

ማክሰኞ፣ ቡሬ ሠርግ የሚቀርጸው ይታገሱ የጥር ሙሽሮች አላስቀምጥ ብለውት ቪዲዮአቸውን ሊያቀናብር እኔ ሱቅ መጣ። የኔ ትልቁ ኮምፒውተር ጠዋት የጀመረውን ቪዲዮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግማሹን እንኳ አላደረሰም። በዚያችኛዋ እንሞክር አለኝ። ሴሌሮን ናት፣ ትሞትብኛለች ብዬ ለመንኩት፤ አልሰማኝም። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ሙሉውን ጨርሳ ቁጭ ብላለች!

ይታገሱ ውስጧን ከፍቶ አነበበና ማን ነው ሴሌሮን ያለሽ ብሎ ጮኸ። ሴሌሮንስ ያ ትልቁ ነው፣ በአንድ ጥማድ በሬ የሚያርስ፤ ይቺ ግን ኮር አይ ሰቨን ናት፣ ወንፈል ጠርታ የምታርስ አለኝ። ሴሌሮን የሚለውን ምልክቷን በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ ሌላ ምልክት ወጣ። ለጥፈህበታል።

አይ ሰቨን ሲለኝ ነው የገባኝ። እናታችን ወይፈኗን ሸጣ ለትምህርትህ የገዛችልህ እሱ አይደል? ስሙ ማነው ብላ ስትጠይቅህ አይ ሰቨን አልካት፤ እሷ አይሰበር ብላ ሰማችና አሜን አለች። ከዚያ ወዲህ በየስልኩ አይሰበር ደህና ነው ወይ ትልህ የለ? አንተም ደህና ነው፣ ሕንፃ እየሣልኩበት ነው ትላታለህ። በጥርም ብለሃታል። በጥር እኮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር!

ዘንድሮ ሰኔ የሚመረቅ የሕንፃ ተማሪ መሣያውን ለምን ይሰጣል ብዬ ውስጡን ፈለግሁ፤ ይቅር በለኝ። የመመረቂያ ሥራህን፣ የጤና ጣቢያውን ንድፍ አገኘሁት። እንዴት ያምራል! መጨረሻ የነካኸው ግን አምና ኅዳር ነው። ከሥሩ አንድ ደብዳቤ አለ፤ ጉዳዩ፦ መልሶ ቅበላ ስለመጠየቅ ይላል። ከዚያ በታች አላነበብኩም፤ ትምህርቱን ማቋረጥህን ለመረዳት እሱ በቃኝ።

ተናድጄብሃለሁ። ለኔ እንኳ? እሷ ለሰኔ ቀሚስ አሰፍታ፣ በግ አስራ፣ ለማኅበሩ ሁሉ ተናግራ!

ትናንት እናታችን ለገበያ ስትመጣ ላፕቶፑን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ገብታ ተቀመጠች፤ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ጥጉ ላይ ያለችውን ጭረት በጣቷ ዳሰሰቻት። መደብ ላይ ስታኖረው ራሷ የጫረችው ነው። ኅዳር ላይ ስመጣ ነው ያወቅሁት፣ ልጄ በአፉ እስኪነግረኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ አውቃ ነው በስልክ ስትጠይቅህ የነበረው። ቀሚሱንም ሳጥን ውስጥ ከታዋለች።

ሕንፃ ጨረስክ አልጨረስክ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለፋሲካ ና። በጉ እንደታሰረ ነው። እዚህ ሱቅ ሁለተኛ ወንበር አስገብቻለሁ፤ ንድፉንም አልነካሁትም፣ እንደተውከው አለ።

እናታችን ትናንት ስትወጣ፣ ለሱ ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት። አይሰበር በይው አለችኝ። ስለ ኮምፒውተሩ ነው ወይስ ስለ አንተ ብዬ ሳልጠይቃት ዘንቢሏን አንስታ ሄደች።

ያሳደገችህ ማርያም ከፊትህ ትቅደም፤ በሰላም ታግባህ።

እታለምህ