ሳልጠይቅ የሞላኋቸው ቅጾች

ለውድ እኅቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ደረጃውን መውጣት ፈቀደልሽ? የባልሽ ሳል ለቀቀው ወይ? እኔን የጠየቅሽኝ እንደሆነ፣ አምላክ ይመስገን፣ ሰውነቴ ደህና ነው። ልቤ ግን ተበሳጭቷል፤ የተበሳጨውም በገዛ ራሴ ነው።

በጤና መሥሪያ ቤት ሥራ አገኘሁ ብዬሽ ነበር። ምን ሥራ እንደሆነ ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው። ቅጽ ይዤ ቤት ለቤት እየዞርኩ አዋቂዎችን ስለ መኝታቸው እጠይቃለሁ፤ ዘንድሮ ከስንት ሰው ጋር ተኛህ፣ ራስሽን ትጠብቂያለሽ ወይ፣ ሕመም ወይም ደም መፍሰስ አለብሽ ወይ እያልኩ። ሕመም የበዛበት ሰፈር የምርመራ ጣቢያ ይከፈትለታል። በዚህ ሽበቴ! ወንዶቹ ቁጥሩን ያበዙታል፣ ሴቶቹ ያሳንሱታል። ፀጉር አስተካካዩማ «ለሚስቴ ያልነገርኩትን ለአንተ እርሳስ ልንገር?» ብሎ ደንበኞቹን አሳቀብኝ።

እኔም ብልሃት አገኘሁ ብዬ ጥፋት ሠራሁ። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ዘንድ ስደርስ ስለ ልጆቻቸውና ስለ እንቅልፋቸው ብቻ ጠይቄ እወጣና፣ የመኝታውና የሕመሙ ጥያቄ ያለበትን የመጨረሻውን ገጽ ደጅ ቆሜ «የለም፣ የለም» እያልኩ በራሴ እጅ እሞላዋለሁ። እናቶች ናቸው፣ ማክበር ነው አልኩ። ሃያ ስድስት ቅጽ እንዲህ ሞላሁ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ልብስ አጣቢ ባልቴት፣ እጃቸው ገና አረፋ እንደሆነ፣ እስከ መንገድ ተከተሉኝ። «ለወጣቷ ጎረቤቴ ያነበብክላትን ለእኔ ለምን ዘለልከው? ሴትነቴ አልቋል ያለህ ማነው?» አሉኝ። አክብሬዎት ነው ብላቸው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መድማት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። በራሴ አፍ አልጀምረውም፤ የሚጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር። አንተ መጣህና አለፍከኝ» አሉኝ።

እትዬ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ለተቆጣጣሪዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። በእኔ ወረቀት ሰፈሩ አንድ ታማሚ የለውም፤ ጣቢያው ወደ ሌላ ሰፈር ሊሄድ ነው። እስከ ዓርብ ሃያ ስድስቱንም ካልደገምክ አሰናብትሃለሁ አለችኝ። እስካሁን አሥራ አንዱን ደግሜአለሁ። አንዷ በጫማ አባረሩኝ፤ አራቱ ግን ወንበር ስበው፣ ቀጠሮ የያዝን ይመስል ነገሩኝ። ልብስ አጣቢዋን ራሴ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ባለቤቴ የማሕፀኗ ሕመም አልጋ ላይ ሳይጥላት ሁለት ዓመት ሙሉ ልብሷን ለብቻ ደብቃ ስታጥብ አይ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ፤ ያንንም አክብሮት ብዬው ነበር። በጸሎቴ ለእሷ ነፍስ ምሕረት እለምናለሁ፤ ምሕረት የሚያሻው ግን የእኔ ዝምታ ነው። ከአንቺ የምትደብቀው አልነበራትም። ነግራሽ ነበር? «ንገሪው» ስትያት «መች ጠየቀኝ?» ብላሽ ይሆን? ያዝናል ብለሽ አትሸፍኝልኝ።

ለባልሽ፣ ለትልቋ ልጅሽ፣ አልተኛም ለሚለው ለልጅ ልጅሽ፣ ለሁሉም በየስማቸው ሰላምታዬን አድርሽልኝ። አሁን መለስ ብዬ ሳነበው፣ አንቺንም ጉልበትሽን ብቻ ነው የጠየቅኩሽ። ሌላውስ፣ እትዬ? ሌላው ሰውነትሽስ እንዴት ነው?

ታናሽ ወንድምሽ
ከተከራየኋት ክፍል፣ ኅዳር ፲፬ ቀን