ስም የተለጠፈባቸው ሽቶዎች

ይድረስ ሙምባይ ላለሽው ልጄ ለኩሱም። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እዚህ ካናውጅ ደህና ነን፤ እኔን ጉንፋን ብቻ አልለቅ ብሎኛል።

አንደኛ፣ የጽጌረዳ ለቀማ ተጀምሯል። ሁለተኛ፣ ትናንት በማንጠሪያው የመዳብ ጋን ውስጥ ያለው አበባ አረረ። ሽቶ አንጣሪያችን ሽማግሌው ጊርዳሪ እየሮጠ መጣና፣ «ጌታዬ፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው ዝም ይላሉ? ሽታው መንገድ ደርሷል እኮ!» አለኝ።

«ጉንፋኑ ነው» አልኩት።

«ከዲዋሊ በዓል ጀምሮ፣ አምስት ወር ሙሉ? ይሄ ጉንፋን ቤት ሊሠራብዎት ነው!» ብሎ ሳቀ።

ሦስተኛ፣ ሽቶዎቹ ላይ ስማቸውን ለጠፍኩ። አያትሽ «ሽቶን በንባብ የሚለይ ቀለም ይሽጥ» ይሉ ነበር፤ በቤታችን በአምስት ትውልድ ስም ተጽፎባቸው አያውቅም። ለእንግዶች ብዬ ነው። ጊርዳሪ አንድ በአንድ እያሸተተ የትኛው ምን እንደሆነ ነገረኝ፤ ያኔ ግን አልሳቀም።

ለቀማው ሳያልቅ ብትመጪ ደስ ይለኛል። ይሄን ወረቀት «ጽጌረዳ» ከሚለው ጠርሙስ ቀብቼዋለሁ፤ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸት እንደሆነ ቶሎ ጻፊልኝ።

በደህና ያገናኘን።
አባትሽ