ፍየል ስለተጠበሰበት የውኃ ማጣሪያችን

ለተከበሩ አቶ መሐሪ፣ የቦኗችን ማጣሪያ ምረቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ከድግሱ ወዲህ ሆድዎ እንዴት ነው? ከወገዳ ከተማ በታች ያለን የቦኖው ጠጪዎች ከልጄ ከሩት ጆሮ በቀር ደኅና ነን። ጆሮዋ መግል ከያዘ ሰንብቷል፤ ነርሷ እንደነገረችኝ ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል። ከላይ ያለው የከብት መድኃኒት ነጋዴ ጊዜው ያለፈበትን ሁሉ የቦኖው ውኃ በሚመጣበት ጅረት ውስጥ ሲደፋ ስለኖረ፣ የሰፈራችን ጀርም ከእኛ ቀድሞ ታክሟል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ባለሙያዎች መጥተው ከገብስ ገለባ ባዮቻር የሚባል ከሰል የሠሩልን። አየር ሳያገኝ ተቃጥሎ፣ በኬሚካል ታሽቶ፣ ውኃው ሲያልፍበት መድኃኒቱን ይዞ ያስቀራል። ገለባውን ከበሬዎቻችን አፍ ነጥቀን የሰጠነው እኛ ነን። እርስዎ ደግሞ ለዋሉልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በምረቃው ዕለት የድግሱ ከሰል ሲያልቅ፣ ዘበኛው ጋሽ እንየው «ኧረ ጌታዬ፣ ይኸ የውኃው ነው፣ ተዉ!» እያሉ ቢለምኑዎትም፣ ማጣሪያው በርሜል ውስጥ ሊገባ በጆንያ የተቀመጠውን ባዮቻር አስወጥተው ፍየሉን ስላስጠበሱበት አመሰግናለሁ። በሳይንስ የተጠበሰ ፍየል በስማዳ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

2ኛ. በንግግርዎ «ይህ ከሰል አይደለም፣ ቴክኖሎጂ ነው» ሲሉ ቴክኖሎጂው ከጀርባዎ ይጨስ ነበር። እንግዶቹም ምራቃቸውን እየዋጡ አጨበጨቡ።

3ኛ. በርሜሉ ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍረን አሳቢነትዎ አጥንቱን አስጨምሮ ክዳኑን አስከደነልን። ከዚያ ወዲህ ውኃው መረቅ መረቅ ይሸታል። ውሾች ከሰው ቀድመው ወረፋ ስለሚይዙ ጎረቤቴ ራሄል ጀሪካኗን የምታቆመው ከአንድ ቡችላ ኋላ ነው። ይህ ውኃ በጾም ይጠጣል ወይ ብለን መሪጌታ ቀለመ ወርቅን ብንጠይቃቸው፣ መልሱን ፍለጋ እስካሁን መጽሐፍ እያገላበጡ ነው። እስኪያገኙ ድረስ ረቡዕና ዓርብ ከሩቅ ወንዝ እንቀዳለን።

4ኛውን ምስጋና ሳልጽፈው ብቀር ደስ ባለኝ። «ማጣሪያው በሙሉ አቅሙ እየሠራ ነው» ብለው ሪፖርት ስላደረጉ ባለሙያዎቹ ሥራችን አልቋል ብለው ተመልሰው አይመጡም። እዚህ ላይ ማሾፉ ይቅርብኝ፤ ተናድጃለሁ። ልጄን ከጓሮ ስጠራት አትሰማኝም። አጠገቧ ሄጄ ትከሻዋን ስነካት ነው የምትዞረው። ስለዚህ ሪፖርትዎን አስተካክለው ሰዎቹን ይጥሩልን፤ ገለባውን በሬዎቻችንን ይቅርታ ጠይቀን ዳግመኛ እንሰጣለን።

ለጤናዎና ለምግብ ፍላጎትዎ ዘወትር የሚጸልይ፣ ከፍየሉ ጭሱ ብቻ የደረሰው፣ ትሑት አገልጋይዎ

አስቻለው፣ የሩት አባት

ማስታወሻ፦ ነርሷ ለሩት አዲስ እንክብል ሰጥታታለች፤ «በንጹሕ ውኃ ይዋጥ» ተብሎ ታዟል። በምረቃው ዕለት በፊትዎ የተደረደረው የታሸገ ውኃ የት እንደሚገኝ ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም፤ ካስመረቁት ቦኖ አንዲት ጉንጭ እንኳ ሲቀምሱ አላየሁዎትምና።